የአባቶቻችን ጠመንጃ በኦሃዮ ጠረጴዛ ላይ

(ከዚህ በታች የምታነቡት ከኦሃዮ፣ ኒው አልባኒ በሳተላይት ቴሌቪዥን የቀረበ የታሪክ ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ ነው።)

የዛሬው ወጋችን ስለ ጠመንጃ ነው። ስለ ጦር ሜዳው ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ዛሬ ሰው ከጠመንጃው ጋር ስላለው ፍቅር፣ የትኛውን እንደሚመርጥ፣ ለምን እንደሚመርጥ፣ ከየት አምጥቶ ከማን እንደተማረው እናወራለን።

ነገሩን ያስነሳብኝ አንድ ቅዳሜ ነው። እዚህ ኒው አልባኒ ከምንኖር ሰዎች አራት ሆነን ወደ አንድ የጠመንጃ ባዛር ሄድን። አንዱ ወዳጃችን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ግሎክ ሽጉጥ ካልሆነ ሌላ አያይም። "ቀላል ነው፣ አይነክስም፣ በሄድኩበት ይሄዳል" ይላል። ሌላው ወጣት ደግሞ ኤአር 15 ወዳጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ መተኮሻ ሄዶ በአንድ ጠዋት 200 ጥይት ይጨርሳል። አራተኛው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የ78 ዓመት አዛውንት፣ የጎጃም ሰው ናቸው። እሳቸው የፕላስቲክ ሰደፍ ያለውን ሁሉ እያለፉ "ይኼ መጫወቻ ነው እንጂ ጠመንጃ ነው እንዴ?" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆሙ፤ አልንቀሳቀስም አሉ። የተደረደሩት አሮጌ ጠመንጃዎች ናቸው። እንጨታቸው የጠቆረ፣ ብረታቸው ዝገት የነካው፣ ማንገቻቸው ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ። ጋሼ አንዱን ገልብጠው ሰደፉን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። በቢላ የተቀረጸ የአማርኛ ፊደል አለበት። "ልጄ፣ መነጽሬን ስጠኝ" አሉኝ። ስም ነው። ስሙ የማን እንደሆነ አናውቅም፤ ግን የአገራችን ሰው ስም ነው።

ውድ ተመልካቾቻችን፣ ይህ ተረት አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አሜሪካውያን አስመጪዎች ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን አምጥተው ለሰብሳቢዎች ሸጠዋል። ውጅግራ፣ ማውዘር፣ የጣሊያን ካርካኖ፣ የአሜሪካ ካርባይን፣ ሁሉም አለበት። አስመጪው በሕግ የራሱን ስምና መሣሪያው የተሠራበትን አገር ብረቱ ላይ የማተም ግዴታ አለበት። ታዲያ እነዚህ ጠመንጃዎች መጀመሪያ ወደ እኛ እንዴት መጡ?

ስም ያወጣንላቸው ጠመንጃዎች

ጠመንጃ በአገራችን የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግራኝ አሕመድ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞች አስመጣ፤ በሌላው ወገን በ1541 እ.ኤ.አ. ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎችን ይዞ መጣ። ሆኖም ሰው ጠመንጃን ከጠመንጃ አማርጦ፣ በስሙ ጠርቶ፣ በፉከራ የሚያሞግስበት ዘመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ሰው ነበሩ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አስቀልጠው ያን ሁሉ ተራራ አስጎትተው መቅደላ አወጡት። ነገር ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የገጠማቸው ሌላ ነገር ነበር። የእንግሊዝ ወታደር ከኋላ በኩል የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዞ ነበር። የእኛ ሰው ባሩዱን በአፈሙዝ አስገብቶ እስኪጠቀጥቅ ድረስ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ሕዝባችን ያን ቀን አልረሳውም፤ ያንን ጠመንጃ "ሰናድር" ብሎ ስም አወጣለት። ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት በስጦታ የላከችላቸው ነበር።

እንግሊዞች ሲመለሱ መንገድ ለከፈተላቸው ለደጃች ካሣ ምርጫ መድፍና በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ትተው ሄዱ። ካሣ በዚያ መሣሪያ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነስተው በኋላ ዓፄ ዮሐንስ ተባሉ።

አሁን ይህችን ልብ በሉልኝ። በዚያው በ1871 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት የእርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። "ወታደሮቻችን መተኮስ አይችሉም፣ ኢላማ እናስተምራቸው" ነበር ሐሳቡ። ማኅበሩ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ነው። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ትልቁ የተኩስ ውድድር የሚካሄደው እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ካምፕ ፔሪ ላይ ሆነ። እነሱ ወረቀት ላይ በተሳለ ክብ ነጥብ እየቆጠሩ ተማሩ። የእኛ ሰው ግን ጥይት ውድ ነበር። በአንዳንድ ገበያ ጥይት እንደ ገንዘብ ሆኖ ዕቃ ይገዛ ነበርና፣ አንድ ጥይት በከንቱ ማጥፋት ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ እንደ መጣል ነው። ወጣቱ ወዳጃችን በአንድ ጠዋት 200 ጥይት መተኮሱን ሲሰሙ ጋሼ ራሳቸውን የያዙት ለዚህ ነው። "አባቴ ይኼን ቢሰማ፣ አገር የሚያቀና ጥይት በወረቀት ላይ ፈሰሰ ይል ነበር" አሉ።

አሜሪካ መጀመሪያ የመጣችብን በጠመንጃ ነው

የመጀመሪያው የአሜሪካ ጠመንጃ በብዛት እጃችን የገባው በግዢም በእርዳታም አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ጦሩን ወደ መረብ ላከ። ወታደሮቹ የያዙት በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢሊዮን ከተማ የተሠራ ሬሚንግተን ነበር። ከመኮንኖቹም አንዳንዶቹ አሜሪካውያን ነበሩ። የጦሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ቻርልስ ስቶን ይባል ነበር፤ ለኬዲቩ ያስቀጠረው የጄኔራል ሸርማን ምክር ነው። ሸርማን የማን አገር ልጅ ነው ብትሉ፣ ከኮሎምበስ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው የላንካስተር፣ ኦሃዮ ተወላጅ።

ጉንደት ላይ የዴንማርኩ አዛዥ አረንድሩፕ ከነጦሩ አለቀ። ጉራዕ ላይ አሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ የነበረበት ጦር ተሸነፈ። ሬሚንግተኑ በሺዎች ተማረከ። ያ የአሜሪካ ጠመንጃ በገበሬው ትከሻ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የምኒልክ ዘመን መጣ። ንጉሡ ጠመንጃ ከፈረንሳይም፣ ከጣሊያንም፣ ከሌላም ያስገዙ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1887 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ እንጦጦ ድረስ መጥቷል። በዚህ ዘመን ነው ስሞቹ የበዙት። የፈረንሳዩ "ፉዚ ግራ" በአፋችን "ውጅግራ" ሆነ። ለቤል የተባለው "ለበን" ተባለ። ከቤልጅግ የመጣው ማውዘር በአገሩ ስም "ቤልጅግ" ተብሎ ቀረ። ምንሽር፣ አልቢን፣ ዲሞትፈር፣ ናስማስር እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። አንድ ተኩሶ ሌላ እስኪያጎርስ ለሚዘገየው አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ቀልደኛው ሕዝባችን "ቆመህ ጠብቀኝ" የሚል ስም አወጣለት።

ምርጫውም የራሱ መለኪያ ነበረው። አንዱ ሩቅ የሚመታውን ይወዳል። አንዱ ድምፁን ይወዳል፤ በለቅሶና በሠርግ ሲተኮስ ሸለቆው የሚመልሰውን። አንዱ ዳገት ላይ የማያደክመውን ይመርጣል። ጠመንጃ ከትከሻ አይወርድም፣ በቅቤ ይወለወላል፣ ዝናሩ በበዓል ቀን ይታጠቃል። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ሲገባ፣ ታላላቆቹ መንግሥታት መሣሪያ አንሸጥም ብለው በሩን በዘጉበት ሰዓት፣ አርበኛው የወጣው ይህንኑ ይዞ ነው። የጎደለውን ከጠላት ማረከ። ካርካኖው በኢትዮጵያ መጋዘን የበዛው ስለዚህ ነው።

ከዴይተን ወጥቶ ወደ ኦሃዮ የተመለሰው

ወደ ጠረጴዛው ልመልሳችሁ። ከተደረደሩት አንዱ አጭር የአሜሪካ ካርባይን ነው። ባዶውን 2.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ብረቱ ላይ "ኢንላንድ" ይላል። ኢንላንድ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሲሆን፣ ፋብሪካው የነበረው ዴይተን፣ ኦሃዮ ነው፤ ከኮሎምበስ በስተ ምዕራብ የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ። ከሁሉም አምራቾች ብዙ የሠራው እሱ ነው፤ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ።

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ ተዋጋ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ኤም ዋኑም ካርባይኑም በእርዳታ መጣ። በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ሲዞር ክላሽ ጎረፈ፣ የአሜሪካው ብረት መጋዘን ገባ። እንግዲህ አስቡት። ዴይተን ላይ የኦሃዮ ሠራተኛ የገጣጠመው ካርባይን ኢትዮጵያ ሄዶ፣ የኢትዮጵያ ወታደር ተሸክሞት፣ አርጅቶ መጋዘን ገብቶ፣ ዳግም ባሕር ተሻግሮ ከተሠራበት ብዙም ሳይርቅ ኦሃዮ ውስጥ ተሸጠ።

ጋሼ ግን ዓይናቸው ካርባይኑ ላይ አልነበረም። የያዙት ምንሽሩን ነው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ደርግ ሲመጣ መሣሪያ አስረክቡ ተባለ፤ አስረከቡ። "አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አልቆየም" አሉ ጋሼ። "በሽታው ሌላ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ከቀበሌ ባዶ ትከሻውን ሲመለስ አይቼዋለሁ።"

ዛሬም "ትጥቅ ፍታ" የሚለው ቃል በአማራ ክልል ገበሬ ጆሮ ውስጥ እንደ አስተዳደር ትእዛዝ ብቻ የማይሰማው ይህ ሁሉ ስላለበት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። ምዝገባ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል የተነሳውን፣ ከዚያም የተከተለውን ጦርነት ያየ ሰው፣ መሣሪያን ከሰው እጅ ለማውጣት መጀመሪያ መተማመን መቅደም እንዳለበት መረዳት አያቅተውም።

ለእኛስ፣ እዚህ ላለነው?

ይህን ፍቅር ይዘን ነው ኦሃዮ የመጣነው። ኦሃዮ ደግሞ በሩ ሰፊ ነው። ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን "እንግዲያው ለሁሉም ተፈቅዷል" ብለው ይወስዱታል። አይደለም። በጎብኚም ሆነ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። መያዝ ለማይችል ወዳጅ በራስ ስም ገዝቶ መስጠት ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመሣሪያ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ፖሊስ ካስቆማችሁና መሣሪያ ይዛችኋል ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ እውነቱ ብቻ ነው።

ከሕጉ በላይ ደግሞ የቤታችን ነገር አለ። አገር ቤት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጁም የአባቱን ጠመንጃ መንካት እንደማይፈቀድለት ከመንደሩ ሁሉ ይማራል። እዚህ መንደሩ የለም። አባት ሌሊት ይነዳል፣ እናት ሆስፒታል ታድራለች፣ የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን ቤት ነው። በአሜሪካ በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ግሎኩንም ኤአሩንም የምትወዱ ወንድሞቼ፣ ውደዱት፤ ግን በቁልፍ ሣጥን ይቆለፍ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ፣ ቁልፉ ልጅ እጅ አይግባ።

ለአገር ቤት ባለሥልጣናትም አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚያ ጠመንጃዎች ከመሸጣቸው በፊት ሰደፋቸው ላይ የተቀረጸውን ስም ያነበበ፣ የመዘገበ፣ ፎቶ ያነሳ ሰው ነበር ወይ? ብረቱ ያረጀ ነው፣ ይሸጥ እንበል። የአርበኛው ስም ግን ከብረቱ ጋር አብሮ መሸጥ ነበረበት?

ጋሼ ጠመንጃውን አልገዙትም። ሻጩ ዋጋ ሊቀንስላቸው ነበር። "የኔ ቤት የልጅ ልጆች አሉ" አሉት በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ፎቶውን አንሳልኝ፣ ስሙ እንዲነበብ አድርገህ" አሉኝ። አነሳሁት። ስሙን በስክሪኑ ላይ አላሳያችሁም፤ የቤተሰቡ ነውና። አያቱ ወይም አባቱ ሰደፍ ላይ ስሙን የቀረጸ መሆኑን የሚያውቅ ካለ ግን ይጻፍልን፣ ፎቶው እጃችን ላይ አለ።