የአሮጌ ግራፊክስ ካርድ ነጥብ ድራይቨሩ ሲቀየር ለምን ይለዋወጣል?

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የግራፊክስ ካርዱን ስምና ዋጋውን ነው። አንዳንድ ሻጮች ከዚህ አልፈው በፍጥነት መለኪያ ሶፍትዌር የተገኘ ነጥብ በስልክ ፎቶ አንስተው ያሳያሉ። በሐራ፣ በመርሳ ወይም በወልድያ የሰርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ወይም የጨዋታ ቤት ለመክፈት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ያንን ፎቶ አምኖ ሊወስን ይችላል። ይሁንና ነጥቡ የካርዱ አቅም ብቻ አይደለም፤ ካርዱን የሚያዘው ድራይቨር የተባለው ሶፍትዌርም ውጤት ነው። ድራይቨሩ ሲቀየር ያው ካርድ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

ጨዋታው ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያው የሚልከውን ትእዛዝ ካርዱ እንዳለ አይረዳውም። ድራይቨሩ በሁለቱ መካከል ቆሞ ያስተረጉማል። ትርጉሙ የተንዛዛ ከሆነ ካርዱ ጉልበት እያለው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ ትርጉሙ ሲቃለል ያው ካርድ በሰከንድ ብዙ ምስል ይስላል። ለዚህ ጉልህ ማሳያ የሚሆነው ኢንቴል እ.አ.አ በጥቅምት 2022 ገበያ ላይ ያዋለው አርክ የተሰኘው ካርድ ነው። ካርዱ በመጀመሪያ በቆዩ ጨዋታዎች ላይ ደካማ ነበር። በየካቲት 2023 ግን ኩባንያው ዳይሬክት ኤክስ 9 በተባለው የቆየ ሥርዓት የሚሠሩ ጨዋታዎች በአዲስ ድራይቨር በአማካይ እስከ 43 በመቶ መፍጠናቸውን አስታወቀ። በካርዱ አካል ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ትልቅ ዕድገት የሚገኘው ግን በአብዛኛው ካርዱ ወጣት ሳለ ነው። ዓመታት ሲያልፉ የኩባንያው መሐንዲሶች ወደ አዲሱ ምርት ይዞራሉ፤ አዲስ ጨዋታ ሲወጣም ድራይቨሩ በቅድሚያ የሚመቻቸው ለአዲሱ ካርድ ነው። በ2015 ኬፕለር በተባለው የኤንቪዲያ ትውልድ ባለቤቶች ዘንድ ካርዳችን ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደረገ የሚል ቅሬታ ተነስቶ ነበር። ኩባንያው በድራይቨሩ ላይ ችግር ማግኘቱን ገልጾ ማስተካከያ ለቀቀ። ችላ መባልና ሆን ተብሎ መጎዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አሮጌ ካርድ የያዘ ሰው በብዛት የሚገጥመው የመጀመሪያው ነው።

ነጥብ የሚወርድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ደኅንነት ነው። በጥር 2020 በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ በተሠራው የግራፊክስ ክፍል ላይ መረጃ የሚያሾልክ ክፍተት መኖሩ ይፋ ሆነ። በሊኑክስ ላይ የቀረበው መከላከያ በአዳዲሶቹ ላይ እምብዛም ለውጥ ባያመጣም፣ በ3ኛና በ4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ ግን የግራፊክስ ፍጥነትን በእጅጉ ቀነሰ። ተቃራኒውም ያጋጥማል። በ2012 ገደማ የወጡ የኤኤምዲ ካርዶች በሊኑክስ ላይ ለዓመታት በቆየ ድራይቨር ሲሠሩ ኖረው፣ ከ10 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ 6.19 በተባለው የሊኑክስ እትም ወደ አዲሱ ድራይቨር ተሸጋግረው ፍጥነት ጨምረዋል።

ነጥብን ብቻ ማመን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሁሉ በላይ ያሳየው የ2003ቱ ክስተት ነው። ፊውቸርማርክ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ስሪዲማርክ 03 የተሰኘውን መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር። በመለኪያው ውስጥ ምስሉን የሚቃኘው ካሜራ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ይጓዛል። የኤንቪዲያ ድራይቨር ይህን መስመር አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ካሜራው የማያየውን ክፍል ሳይስል ይዘለው ነበር፤ ወደ መንገድ የዞረውን ግድግዳ ብቻ ቀብቶ ቤቱ በሙሉ ተቀባ እንደማለት ነው። መርማሪዎች ካሜራውን ከመስመሩ ሲያወጡት ጉድለቱ ታየ። ፊውቸርማርክ በግንቦት ወር መለኪያውን ሲያስተካክል የጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ነጥብ በ24.1 በመቶ ወረደ። የተፎካካሪው የኤቲአይ ካርድ ደግሞ 1.9 በመቶ ቀነሰ፤ ኤቲአይም ድርጊቱን አምኖ እንደሚያስወግድ አስታወቀ። ከኤንቪዲያ ጋር የነበረው ውዝግብ የተቋጨው ሁለቱ ወገኖች ባወጡት የጋራ መግለጫ ሲሆን፣ በዚያም ጉዳዩ ማጭበርበር ሳይሆን ለአንድ ሶፍትዌር የተደረገ ማመቻቸት ነው ተባለ። ቃሉ ቢለሰልስም የ24 በመቶው ልዩነት የትም አልሄደም።

በዛሬው ያገለገለ ዕቃ ገበያ አሳሳቢው ሌላ ነው። አንዳንድ አታላዮች የአሮጌ ካርድን የውስጥ ፕሮግራም ለውጠው በአዲስ ስም ይሸጣሉ፤ ለምሳሌ የ2011ዱ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የ2016ቱን 1050 ቲአይ መስሎ ይቀርባል። የዊንዶውስ ሰሌዳ የሚያሳየው የተጻፈለትን የሐሰት ስም ነው። ሕጋዊው ድራይቨር አልጫን ካለ ወይም ከተጫነ በኋላ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ገዢው ድራይቨሩን ከመውቀሱ በፊት ካርዱን ይጠርጥር። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከ2018ቱ 2.12 እትም ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የኤንቪዲያ ካርዶች ለይቶ በስማቸው ፊት የሐሰት መሆናቸውን ይጽፋል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይህን ማየት ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ድራይቨር ለውጦ ነጥብ ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት አለበት። አንድ ካርድ በአንድ ድራይቨር ተደጋግሞ ሲለካም ነጥቡ እስከ 3 በመቶ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከዚያ በታች የሆነ ልዩነት እንደ ለውጥ አይቆጠርም። ከአዲስ ድራይቨር በኋላ የመጀመሪያው ልኬት ዝግ ሊል ይችላል፤ ድራይቨሩ ቀድሞ ያዘጋጃቸውን የሥዕል ትእዛዞች እንደገና ስለሚያዘጋጅ ነው። የመጀመሪያውን ትቶ ቀጣዮቹን ሦስት መውሰድ ይሻላል። ሙቀትም በቆላማው አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካርድ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማለዳ የተለካን ነጥብ በቀትር ከተለካው ጋር ማወዳደር የአየሩን ሁኔታ እንጂ የድራይቨሩን ብቃት አይናገርም። በማራገቢያው ላይ የተጠራቀመ አቧራም ብቻውን ነጥብ ሊያሳጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጽዳቱ ይቅደም።

ለቪዲዮ ባለሙያ ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ የራሱ ሥራ ነው። አንድ የአሥር ደቂቃ የሰርግ ቪዲዮ በቀድሞው ድራይቨር ስንት ደቂቃ ወስዶ እንደተጠናቀቀ በሰዓት ይዞ፣ ከለውጡ በኋላ መድገም ይችላል። ለጨዋታ በ10 በመቶ የፈጠነ ድራይቨር ለዚህ ሥራ ምንም ላይጨምር ይችላል።

ድራይቨሩን በየወሩ ማደስ ለአሮጌ ካርድ እምብዛም አያስፈልግም። የኤንቪዲያ ጥቅል ብዙ ጊዜ ከ500 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በስልክ ኢንተርኔት ለሚያወርድ ሰው ወጪ አለው። የኬፕለር ካርዶች የጨዋታ ማሻሻያ በ2021፣ የደኅንነት ማስተካከያቸው ደግሞ በመስከረም 2024 አብቅቷል። ጂቲኤክስ 1060ን የያዘው ፓስካል የተባለው ትውልድ የጨዋታ ማሻሻያው በጥቅምት 2025 የተቋረጠ ሲሆን፣ የደኅንነት ማስተካከያ እስከ ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አሳውቋል። ኤኤምዲም በሰኔ 2021 ኤችዲ 7000ን ጨምሮ በርካታ የቆዩ ካርዶቹን ከመደበኛው ዝርዝር አውጥቷል።

ድራይቨር በኮምፒውተሩ ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ሶፍትዌር በመሆኑ የደኅንነት ማስተካከያውን መተው አይመከርም፤ ከአምራቹ ገጽ ውጭ ማውረድም እንዲሁ። አንድ ጥቅል ለብዙ ካርዶች ስለሚያገለግል ጎረቤታሞች አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ሊካፈሉት ይችላሉ። ከመጫኑ በፊት በደንብ ሲሠራ የነበረውን ጥቅል ማስቀመጥ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም ያለ ዩፒኤስ አለመጀመር ያስፈልጋል። መጫኑ በመካከል ተቋርጦ ስክሪኑ ቢጠቁር ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነስቶ የቀድሞውን ድራይቨር መመለስ ይቻላል።