የእርዳታ ስንዴና የአሜሪካ ሥልጣን፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሲታይ

የአሜሪካን የፖለቲካ ሥልጣን የሚተቹ ተራማጅ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጦርነትን፣ የዘር መድልዎንና ምርጫን የሚዘውረውን ገንዘብ ነው። ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አርሶ አደር ግን የዚያች አገር ኃይል ይበልጥ የሚታወቀው በጆንያ ስንዴና በጣሳ ዘይት ነው። ትችቱ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ያለው ትርጉም የሚገለጠውም የእርዳታ እህልን ሕግ፣ ጉዞና ውሳኔ ሰጪዎች በመመርመር ነው።

አካባቢውና ሴፍቲኔት

ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ የተዘረጋው ይህ አካባቢ ከውርጫማ ደጋ ተነሥቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ የአንድ አባወራ ይዞታም ጠባብ በመሆኑ ዝናብ ሲዛነፍ ጎተራ ቶሎ ይራቆታል። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች ከታቀፉት መካከል ነበሩ። ፉድ ፎር ዘ ሀንግሪ የተባለው ድርጅትም በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ለዓመታት ሠርቷል።

በፕሮግራሙ መነሻ ስሌት፣ መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባሉ በወር 5 ቀን እርከን በመሥራት፣ ክትር በመገደብና መንገድ በመጥረግ ይሳተፋል። በምላሹ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ወይም ተመጣጣኙን ገንዘብ በዓመት ለ6 ወራት ያገኛል። አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። ማን ይታቀፍ የሚለውን ኅብረተሰቡ በልየታ ይወስናል፤ ያላግባብ ተዘለልሁ የሚል ሰውም አቤቱታውን ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል።

ተራማጅ ተቺዎች የሚጠይቁት ከዚህ በላይ ያለውን ነው፦ እህሉ ይምጣ ወይም ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ለእርሱስ ቅሬታ የሚቀርበው ወዴት ነው?

ሕጉና በጎ አድራጎቱ

የአሜሪካ የምግብ እርዳታ መሠረት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሐምሌ 3 ቀን 1946 ዓ.ም. የፈረሙት «ሕግ ቁጥር 480» ነው። ሕጉ የተራበን ከመመገብ ጎን ለጎን የአሜሪካ ገበሬዎች ያመረቱትን ትርፍ እህል ለማራገፍና አዲስ ገበያ ለመክፈት የታለመ ነበር። ቆየት ብሎ በኬኔዲ ዘመን «ምግብ ለሰላም» የሚለው ስያሜ ታወቀ።

የመጀመሪያው ትችት ከዚህ ይነሣል። ለአሥርተ ዓመታት አብዛኛው እርዳታ ከአሜሪካ ማሳ እንዲገዛ፣ ቢያንስ ግማሹም የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን ሕግ ያስገድድ ነበር። የመርከብ ድርሻው እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ 75 በመቶ ከፍ ብሎ በ2012 ወደ 50 በመቶ ተመልሷል። በዚህም ምክንያት ለምግብ የተመደበው ገንዘብ ከፊሉ ለጭነት ይውል ነበር፤ እህሉም ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በጅቡቲ በኩል ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦባማ አስተዳደር ከእርዳታው ከፊሉ በተረጂው አገር አቅራቢያ እንዲገዛ ያቀረበውን ሐሳብ ምክር ቤቱ በአብዛኛው ሳይቀበለው ቀርቷል። በአንጻሩ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የምግብ እርዳታዋን ከራሷ ምርት ሙሉ በሙሉ አላቅቃለች።

ሁለተኛው ትችት እህል የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑን ይመለከታል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 እና 1966 ወደ ሕንድ የሚሄደውን ስንዴ በጥቂት በጥቂቱ እየፈቀዱ ያቺ አገር የግብርና ፖሊሲዋን እንድትለውጥና በቬትናም ጦርነት ላይ የምታሰማውን ወቀሳ እንድታለዝብ ጫና አድርገዋል። በአገራችንም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት የአሜሪካ ሕግ ለደርግ መንግሥት የልማት እርዳታ ይከለክል ነበር። ነፍስ አድን እህል ግን በብዛት ገብቷል። ተርቦ ለቆየው ሰው ያ እህል ሕይወት ነበር፤ እርከኑንና ውኃውን አስቀድሞ ሊያለማ ይችል የነበረው ገንዘብ ግን አልመጣም።

የዴሞክራሲ ጥያቄ

ሦስተኛው ትችት ከሁሉም ይጠልቃል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ፍራንሲስ ሙር ላፔ ከጆሴፍ ኮሊንስ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምራ ስትከራከር እንደቆየችው፣ የረሃብ ሥሩ የምግብ ማነስ ሳይሆን ሰዎች በመሬታቸውና በእህላቸው ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣታቸው ነው።

በቅርብ ዓመታት የታየው ይህን ክርክር አጉልቶታል። ሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካ እህል ለማይገባቸው ወገኖች እየዋለ ነው በማለት ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን የምግብ እርዳታ ለወራት አቋረጠች። ምዝበራው መመርመር ነበረበት፤ ሆኖም ቅጣቱ ያረፈው ጆንያ ባልሰረቀው ተረጂ ላይ ጭምር ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የውጭ እርዳታን በአንድ ትእዛዝ አገዱ። ለነፍስ አድን ምግብ ልዩ ፈቃድ ቢሰጥም ክፍያና ጭነት ተስተጓጎለ፤ ዩኤስኤይድም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ።

ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው አሜሪካ የድሆች የምግብ ድጎማን የሚቀንስና የሥራ ግዴታውን የሚያጠብቅ ሕግ ተፈረመ። ተቺዎች ሁለቱን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አድርገው ያያሉ። ልዩነቱ፣ ድጎማው የተቀነሰበት አሜሪካዊ ፍርድ ቤት መሄድና በድምፁ መቅጣት መቻሉ ነው። የታች ጋይንት ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ግን በአሜሪካ ውሳኔ ላይ አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

የትችቱ ወሰን

ተራማጅ ተቺዎች እርዳታ ይቁም አላሉም። «ኬር» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካን እህል በአካባቢ ገበያ እየሸጡ ለፕሮጀክት ገንዘብ የማግኘትን አሠራር ለመተው ሲወስን የተቃወመው አሠራሩን እንጂ የተራበን መመገብን አልነበረም። «እርዳታ ሰውን ሰነፍ አደረገ» የሚለው ወቀሳም ከተራማጁ ትችት የተለየ ነው። ፒተር ሊትል በደቡብ ወሎ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተመው፣ የሚሰጠው እህል መጠኑ ትንሽ፣ መምጫውም የማይታወቅ በመሆኑ አርሶ አደሩ ሊተማመንበት እንኳ አልቻለም።

ስለዚህ ከትችቱ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ለለጋሹ፣ እርዳታ በአንድ ሰው ፊርማ የማይቆም፣ በአቅራቢያ ካለ ገበያ የሚገዛና ለተረጂው መልስ የሚሰጥ ይሁን የሚል ነው። ለእኛ ደግሞ፣ የሴፍቲኔት በጀት፣ የመጠባበቂያ እህልና የተፋሰስ ሥራ በአገር ውስጥ አቅም እንዲቆሙ መጠየቅ ነው። በዚያን ጊዜ አቤት የሚለው አርሶ አደር ቢያንስ ድምፁ የሚደርስበትን በር ያውቃል።