የለንደን የዓይን ሕክምና ምርምር ተቋምና የመሥራቹ ውለታ

በርካታ የዩኒቨርሲቲ የዓይን ተቋማት የአንድ ባለጸጋ ስጦታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው የሎስ አንጀለሱ ጁልስ ስታይን የዓይን ተቋም የተሰየመው ከዓይን ሐኪምነት ወደ መዝናኛ ንግድ ገብቶ በከበረ ሰው ነው። የለንደኑ ተቋም አመሠራረት ግን ከዚህ ይለያል። መሥራቹ ሰር ስቱዋርት ዱክ-ኤልደር (1898–1978) ያበረከተው ከካዝና የወጣ ሀብት ሳይሆን ዕውቀትና ተሰሚነት ነበር። ይህ መጣጥፍ የተቋሙን ዕድሜ ያስረዘመው ምርምርን ራሱን የቻለ ሙያ ማድረጉ ነው ብሎ ይሟገታል።

የታሪኩ ሥር ትራኮማ ነው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ ላይ የተዋጉ የእንግሊዝ ወታደሮች የዓይን ሕመም ይዘው ተመለሱ፤ ጆን ከኒንግሃም ሳውንደርስ በ1805 የመሠረተው ሕክምና ቤትም ከጊዜ በኋላ ሙርፊልድስ የተባለው ሆስፒታል ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙርፊልድስ ከሌሎች ሁለት የለንደን የዓይን ሆስፒታሎች ጋር ሲዋሐድ፣ ከሦስቱ የአንዱ ሕንፃ በጀድ ስትሪት ለምርምር ተለቀቀ። የዓይን ሕክምና ምርምር ተቋሙ በ1948 ሥራ የጀመረው በዚሁ ሕንፃ ነው። የስኮትላንዳዊ ቄስ ልጅ የነበረው ዱክ-ኤልደር የነገሥታት የዓይን ሐኪም ስለነበር ቃሉ ይሰማ ነበር። ተቋሙን በምርምር ዳይሬክተርነት እየመራ፣ 15 ቅጽ ያለውን የዓይን ሕክምና መድበል በዋና አዘጋጅነት አሳትሟል።

ፍሬው ፈጥኖ ታየ። የተቋሙ ተመራማሪ ኖርማን አሽተን በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጥ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን በማደግ ላይ ያሉትን የሬቲና የደም ሥሮች እንደሚጎዳ በድመት ግልገሎች ላይ አሳየ። ለምርምሩ ገንዘብ የሚያሰባስብ በጎ አድራጎት ድርጅትም በ1965 አቋቋመ፤ እዚህ ላይ ገንዘቡ ሥራውን ተከትሎ እንደመጣ ልብ ይሏል። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ባሪ ጆንስ ደግሞ ከሊስተር ተቋም ተመራማሪዎች ጋር የትራኮማን ተህዋሲ ዘመዶች አጠና። የቢራ ጠማቂው ባለጸጋ ኤድዋርድ ሴሲል ጊነስ 250,000 ፓውንድ የለገሰው የሊስተር የምርምር ተቋም ግን ቤተ ሙከራዎቹ በ1970ዎቹ ተዘግተዋል። የገንዘብ ስጦታ ብቻውን ለአንድ ተቋም የዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

ጆንስ በ1980ዎቹ መባቻ በተቋሙ ውስጥ የመሠረተው ዓለም አቀፍ የዓይን ጤና ማዕከል በ2002 ወደ ለንደን የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተዛወረ። እናት ተቋሙ ራሱ በ1995 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን አካል ሆኗል። በሀገራችን በ2005/06 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 11.5 በመቶው መንስኤው ትራኮማ ነበር። የዚሁ የለንደን ማዕከል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ ክልል ትራኮማ በሚያስከትለው የሽፋሽፍት መታጠፍ በተያዙ 1,000 ሕሙማን ላይ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽረዋል። በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሕመሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው በአንዱ ዘዴ 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ናቸው።

ይህ ልዩነት የተገኘው ሥራዬ ብለው ምርምርን በያዙ ሰዎች ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሰው ኃይል መሠረት አላቸው። በሀገር ቤትም በውጭም የሚኖሩ ባለሀብቶቻችን ለዓይን ሕክምና ሲለግሱ፣ ከሕንፃና ከመሣሪያ ቀጥሎ የአንድ ቋሚ ተመራማሪን ደመወዝና የምርምር በጀት ሊያስቡ ይገባል።