ሲሮሲስ ወይስ የጉበት ጠባሳ?

«ሲሮሲስ» ከሐኪም ቤት ወጥቶ በአማርኛ የተለመደው እንደ መጠጥ በሽታ ስም ነው፤ ይህ ቃሉንም በሽተኛውንም ይበድላል። ስሙን በ1819 እ.ኤ.አ. ያወጣው የልብና የሳንባ ማዳመጫውን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ነው። የታመመውን ጉበት መልክ አይቶ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ወሰደው። ዛሬ ቃሉ ቀለሙን ትቶ ጠባሳውን ይናገራል፦ ለዓመታት የቆሰለ ጉበት ጠባሳ እየሠራ ይጠጥራል፣ ገጹ ይጎረብጣል፣ ደም እንደ ልብ አያሳልፍም። በኢትዮጵያ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ይታመማል።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግርታው ይብሳል። ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ሆዱ ሲነፋ ካላዛር የሚባለው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በካላዛር በዋናነት የሚያብጠው ጣፊያው ነው፣ ረጅም ትኩሳትና ክሳት አለው፣ በጊዜ ከታከመም ይድናል። በገፋ ሲሮሲስ ግን ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ደም የሚያስመልሰውም አለ። አንዳንዱ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነቃል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ ቤተሰብም ከጉበት ጋር ሳያያይዘው ይቀራል። ዓይን ቢጫ ስለሆነ ብቻ «የወፍ በሽታ» ማለት ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይጠራም።

ለሲሮሲስ በአማርኛ «የጉበት መጠጠር» ማለት ያስኬዳል፤ «የጉበት ጠባሳ» ግን ይበልጣል፣ የቆየ ቁስል መኖሩን ይናገራልና። ስሙ የገባው በሽተኛ ጨው ለምን እንደሚቀነስለት፣ መጠጥ ፈጽሞ ለምን እንደሚከለከል፣ ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ በራሱ ገዝቶ ለምን መዋጥ እንደሌለበት ለመረዳት ይቀለዋል።