ጊዜው ያለፈበት የድረ ገጽ አድራሻ በኮምፒውተር ላይ ሲቀር የሚወሰዱ እርምጃዎች

የመንግሥት አገልግሎት ድረ ገጽ ወደ አዲስ ሰርቨር በሚዛወርበት ወቅት ለአብዛኛው ተገልጋይ እየሠራ ለጥቂቶች ላይከፈት ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ በተገልጋዩ ኮምፒውተር ወይም ራውተር ውስጥ ተይዞ የቆየ የቀድሞ አድራሻ ነው። ይህ መረጃ ተገልጋዮች ችግሩን ለይተው በራሳቸው እንዲፈቱ ለማስቻል ተዘጋጅቷል።

የችግሩ መነሻ

ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። ሰው የሚጽፈውን የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው በ1983 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው ዲኤንኤስ የተባለ ሥርዓት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ በየጊዜው እንዳይቀርብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ብራውዘሩና ራውተሩ ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይይዛሉ። የቆይታውን ጊዜ በሰከንድ የሚወስነው የድረ ገጹ አስተዳዳሪ ነው፤ 3600 ሰከንድ አንድ ሰዓት፣ 86400 ሰከንድ አንድ ቀን መሆኑ ነው። ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ወደ ቀድሞው ሰርቨር ማምራቱን ይቀጥላል።

ችግሩን ስለ መለየት

በልደታ ኮንዶሚኒየም በአንድ ወለል የሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ የዋይፋይ መስመር በጋራ ይጠቀማሉ እንበል። ከመካከላቸው አንዱ ድረ ገጹ ካልተከፈተለት በስልኩ ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ይሞክር።

• በሞባይል ዳታም ካልተከፈተ ችግሩ ከድረ ገጹ ሊሆን ስለሚችል ቆይቶ መሞከር ይገባል።
• በሞባይል ዳታ ተከፍቶ፣ በጎረቤቶቹም ኮምፒውተሮች በዚያው ዋይፋይ የሚከፈት ከሆነ፣ የቀድሞው አድራሻ የቀረው በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን አይቀርም።
• በዋይፋዩ ለማንም ካልተከፈተ መታየት ያለበት ራውተሩ ነው።

የመፍትሔ ቅደም ተከተል

1. ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደገና መክፈት። የጉብኝት ታሪክን መሰረዝ ብቻውን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተያዘውን አድራሻ አያጠፋም።

2. በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍቶ ትእዛዙን በላቲን ፊደል መጻፍ። የመጀመሪያው ቃል አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ ነው። ከአንድ ክፍት ቦታ በኋላ «/» ይደረግና ኤፍ፣ ኤል፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኤች፣ ዲ፣ ኤን፣ ኤስ ያለ ክፍተት ይጻፋል። ከዚያም ኢንተር ይጫናል። ትእዛዙ ፋይልም ሆነ የይለፍ ቃል አያጠፋም።

3. ትእዛዝ መጻፍ ለሚያስቸግረው ተገልጋይ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ በቂ ነው። በስልክ ከሆነ የአውሮፕላን ሁነታን አብርቶ ማጥፋት ወይም ስልኩን ዘግቶ መክፈት ይቻላል።

4. ችግሩ ከራውተሩ ከሆነ ለጎረቤቶች አስቀድሞ በማሳወቅ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መመለስ። በራውተሩ ጀርባ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን የሪሴት ቁልፍ መጫን አይገባም፤ የመስመሩን መለያና የይለፍ ቃል ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚህ በኋላም ካልተስተካከለ የመስመሩን አቅራቢ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ።

ጥንቃቄ

የቀድሞው የቁጥር አድራሻ ለሌላ ባለቤት ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አለመሆኑን ሲያስጠነቅቅ ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የባንክ መረጃ መሙላት አይገባም። የራውተሩን የዲኤንኤስ ቁጥር ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ምክር መለወጥም ተገልጋዩን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይችላል።

የማመልከቻ ወይም የክፍያ የመጨረሻ ቀን የተቃረበበት ተገልጋይ የአድራሻው ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ድረ ገጹ በሞባይል ዳታ የሚከፈትለት ከሆነ ጉዳዩን በዚያው ፈጽሞ ደረሰኙን እንዲይዝ፣ ካልተከፈተለትም ቀኑ ሳያልፍ አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ተቋም በአካል እንዲቀርብ ይመከራል።