ደረቁ ወንዝና ቤት ፈላጊው፦ ከድሬዳዋ ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ቤት ምርጫ ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ጉዳዩ የሙያዬ መሆኑን እኔም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ውስጥ የኪራይ ቤት እፈልግ ነበር። አንድ ደላላ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሳየኝ። ግቢው ጥላ ያለው ዛፍ ነበረው፤ ኪራዩም ርካሽ ነበር። የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ የቧንቧውን ውሃ፣ የበሩን ቁልፍ ሳይቀር መረመርሁ። ወንዙ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ በኩል ማታ ነፋስ እንደሚመጣ ሲነገረኝ ደስ አለኝ። ቤቱን ያልያዝሁት የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ስለተጠየቅሁና ገንዘቡ ስላልነበረኝ ብቻ ነው። ስለ ጎርፍ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ከተማዋ አመሠራረት ልመለስ። ድሬዳዋን በዚያ ቦታ ያቆማት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ መሐንዲሶቹ ከግርጌው ቀሩ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ ብዙም አልቆየም። አሮጌዋ ሐረር በግንብ ታጥራ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ አዲሲቱ ግን በተራራ ሥር፣ በደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ተዘረጋች። ከወንዙ በስተምዕራብ ጣቢያውና በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ገበያተኛው መጋላ ቆሙ። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ዘግይቶ የመጣውና አቅሙ ያነሰው ሰው በሁለቱ መካከል ወደ ቀረው ዝቅተኛ ዳርቻ ወረደ። እኛ የታሪክ ሰዎች ስለ ሐዲዱና ስለ ጉምሩኩ ብዙ ጽፈናል፤ ስለዚህ ዳርቻ ግን በጥቂቱ።

አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ይህ አባባል ወንዝ የሚሻገር መንገደኛ የተናገረው ይመስለኛል፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ እያለ ጥልቀቱ የሚጨምር ወንዝ ነው የሚያስበው። ደቻቱ አያሳስቅም። ዝናቡ የሚዘንበው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነው፤ ከተማዋ ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ነው። በቅርብ ርቀት ይህን ያህል ቁልቁለት የወረደ ውሃ ድንጋይና ግንድ ይዞ ይመጣል። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣም ይችላል። ሰዎች ደራሽ የሚሉት ስለዚህ ነው።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ይኸው ሆነ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንን ቤት ፍለጋ ሄድሁ። ዛፉ አልነበረም። ከግድግዳዎቹ አንዱ ቆሞ ነበር፤ የጭቃው መስመር ከመስኮቱ በላይ ያልፋል። ተከራዮቹ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ያ ጎርፍ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1973 ዓ.ም. ደቻቱ ከባድ ጎርፍ አምጥቶ ነበር። በሁለቱ መካከል 25 ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያየው ይሞታል ወይም ይለቅቃል፤ ግድግዳው በኖራ ይቀባል፤ ያላየው ይገዛል። ሻጩ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ እርሱም አያውቅም። ተመራማሪ ነኝ የምለው እኔ ያልጠየቅሁትን ሌላው ለምን አልጠየቀም ብዬ ልወቅስ አልችልም።

ከ1998ቱ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡን አልነቅፍም። ሆኖም ግንብ ሲቆም ከጀርባው ያለው ቦታ ደኅና ይመስላል፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ ጎርፍ ዳግመኛ ሕይወት አጥፍቷል።

ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ደመናው በላያችሁ ሳይሆን በወንዙ ራስ ላይ መሆኑን አስቡ፤ ያ ተራራ ደን አለው ወይስ ተራቁቷል? ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ በአቅራቢያ ካለ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ከአፈሩ ሥር የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ ካለ ውሃ አንድ ጊዜ እዚያ ተኝቶ ነበር። ከሁሉም በፊት ግን በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው ፈልጉ። ደላላው ይህን ሰው አያስተዋውቃችሁም።

አሁን የምኖርበትን ቤት የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቤት ሌላ ነበር፤ ሰፊ፣ ዋጋውም የሚስማማ። ክፍያውን ከመጀመሬ በፊት ከጎረቤት ያሉ አንዲት እናት ዘንድ ገብቼ፣ «እማማ፣ በክረምት ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» አልኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ይዘውኝ ወጡ፤ ልገዛው ያሰብሁትን ቤት አልፈው፣ ዳገቱን ጥቂት ወጥተው፣ ከአንድ የድንጋይ አጥር ሥር ቆሙና በከዘራቸው መሬቱን ነኩ። እኔ የገዛሁት ከዚያ አጥር በላይ ያለውን ነው፤ ከመጀመሪያው አንድ ክፍል ያንሳል።