የቦኔር ጠላቂዎችና የአንበሳ ዓሣ

በካሪቢያን ባሕር ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው ትንሿ የቦኔር ደሴት የባሕር ሀብቷን በሕግ በመጠበቅ ከብዙዎች ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ1971 በውኃ ውስጥ ዓሣን በጦር መውጋት ከለከለች፤ በ1979 ደግሞ በዙሪያዋ ያለውን የኮራል አለት የባሕር ፓርክ አደረገችው። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነበር፤ ጠላቂ ወደ ባሕር የሚወርደው ለማየት እንጂ ለመግደል አይደለም። ይህ ሥርዓት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጸንቶ ከቆየ በኋላ አንድ ያልተጠበቀ እንግዳ መጥቶ ፈተነው።

እንግዳው የአንበሳ ዓሣ ነው። የትውልድ ስፍራው ቀይ ባሕር፣ የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓሲፊክ ሲሆን፣ በ1985 በፍሎሪዳ ጠረፍ ታየ። ለጌጥ በመስተዋት ገንዳ ያኖሩት ሰዎች ወደ ባሕር እንደለቀቁት ይታመናል። በ2004 ባሃማስ፣ በ2009 ቦኔር ደረሰ። እንስቲቱ በዓመት 2 ሚሊዮን ያህል እንቁላል ስትጥል፣ እንቁላሉን የባሕር ጅረት ወደ ሩቅ ይወስደዋል። 18 መርዘኛ እሾሆች ስላሉት የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ የአካባቢው ትንንሽ ዓሦችም ጠላትነቱን ስለማያውቁ አይሸሹትም። በባሃማስ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ዓሣ በአምስት ሳምንት ውስጥ በአለቱ ላይ አዲስ የሚሰፍሩትን ግልገል ዓሦች ብዛት በ79 በመቶ ቀንሷል።

ቦኔር ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ሕጉን እንዳለ አጽንታ አለቱን ማጣት፣ ወይም ጦሩን ለተመረጡ እጆች መስጠት። ሁለተኛውን መረጠች። በመጀመሪያ ጠላቂዎች ዓሣውን ባዩበት ስፍራ ምልክት እየተዉ ለፓርኩ ያመለክቱ ነበር። ቆይቶም ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሥልጠና የወሰዱ ፈቃደኞች በላስቲክ የሚወረወር አጭር ባለሦስት ጣት ጦር እንዲይዙ ተፈቀደላቸው።

የሥልጠናው ቁም ነገር ዓሣን መግደል ብቻ አልነበረም። ጠላቂው ኮራሉን ሳይነካ በውኃ ውስጥ ሚዛኑን ጠብቆ መቆም፣ በቅርብ ርቀት አነጣጥሮ አለመሳት፣ የተያዘውን ዓሣ ከሰውነቱ አርቆ መያዝ፣ በእሾህ ከተወጋም ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ መንከር አለበት። አለመሳት የሚያስፈልግበት ምክንያት ኋላ በባሃማስ ታየ፤ አደን በሚደጋገምባቸው አለቶች የተረፉት ዓሦች ቀን ቀን ይበልጥ ተሸሽገው ተገኙ። እንግዲህ ያልሠለጠነ እጅ የሳተው ዓሣ ለሠለጠነውም አስቸጋሪ ይሆናል ማለት ነው።

ውጤቱን ለመመዘን ጎረቤቲቱ ኩራሳው ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነች። ዓሣው በሁለቱም ደሴቶች በአንድ ወቅት ቢታይም፣ ኩራሳው ማስወገዱን የጀመረችው ሁለት ዓመት ያህል ዘግይታ ነው። በ2013 በታተመ ጥናት መሠረት፣ በቦኔር አደን በተካሄደባቸው ስፍራዎች የዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከኩራሳው ከአራት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ድሉ ወሰን አለው። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የጥልቀት ወሰኑ 40 ሜትር ሲሆን፣ የአንበሳ ዓሣ ግን ከ300 ሜትር በታችም ታይቷል። ጥልቁ ያልተነካ ጎተራ ሆኖ የጸዳውን አለት መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ የጠላቂዎቹ ሥራ ተጠናቆ እንደሚመረቅ ግንባታ ሳይሆን፣ እንደ መንገድ ጥገና በየጊዜው የሚደገም ነው። የቦኔር ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ጥበቃ ማለት እጅን መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ እጅ መዘርጋት ግድ በሚሆንበት ጊዜ የሚዘረጋውን እጅ አስቀድሞ ማሠልጠንም ጭምር ነው።